«ዝጋ» ማለትና መዘጋት

አትሜጋ328ፒ በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ ቁጥሩ 37 የሆነ አድራሻ አለ። ቺፑ የአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ልብ በመሆኑ፣ ኤሌክትሮኒክስን በዚያ ሰሌዳ የጀመረ ሰው ሁሉ አድራሻውን በስሙ ሳይጠራው ተጠቅሞበታል። አስቀድሞ በ36ኛው አድራሻ ላይ «ይህ እግር መውጫ ይሁን» ብሎ የወሰነ ፕሮግራም በ37ኛው ላይ 32 የሚለውን ቁጥር ሲጽፍ፣ ከቺፑ እግሮች አንዱ ከዜሮ ወደ 5 ቮልት ይወጣል። እዚያ እግር ላይ ትንሽ መብራት ካለች ትበራለች፤ በትራንዚስተር በኩል የተያያዘ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሳብ መቀያየሪያ፣ ካለ ይስባል። ያንኑ 32 በ300ኛው አድራሻ ላይ ብንጽፈው ግን ከቺፑ ውጭ ምንም ነገር አይነቃነቅም። ቁጥሩ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ ስንመለስ እዚያው እናገኘዋለን። ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ሊፈጽማቸው ይችላል፤ የሚጓዘውም ቁጥር ያው ነው። አንደኛው ጽሑፍ ግን ማስታወሻ ሆኖ ቀረ፣ ሌላኛው ድርጊት ሆነ። እንደ 37ኛው ያለ ለመሣሪያ የተሰጠ አድራሻ ሬጅስተር ይባላል፤ ሃርድዌርን በሬጅስተር በኩል በቀጥታ የማዘዝ ጥበብ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ትልቁ ዋጋው ሌላ ይመስለኛል፦ ቃላችን የት ላይ እንደሚያበቃ፣ የተናገርነውን እንደተፈጸመ የመቁጠር ልማዳችንም የት ላይ እንደሚሰበር፣ ቦታውን በቁጥር ያሳየናል።

የማስታወሻና የመሣሪያ አድራሻ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ የቀረበው ፒዲፒ-11 ኮምፒውተር መሣሪያዎችን ለማዘዝ የተለየ ቋንቋ አልነበረውም። ዩኒባስ በተባለው መስመሩ ላይ ሜሞሪውም፣ የቁልፍ ሰሌዳውም፣ ማተሚያውም እኩል ተሰልፈው ነበር፤ ከአድራሻዎቹ ሁሉ የላይኛው 8 ኪሎባይት ለመሣሪያዎች ተለቀቀ። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው ኢንቴል 8080 በተቃራኒው የመግቢያና የመውጫ ትእዛዞችን ለየ፤ 256 በሮችንም ከሜሞሪው ውጭ አቆመላቸው። በእኔ ፍርድ የኢንቴሉ መንገድ ልዩነቱን በግልጽ የሚናገር ነው፤ የፒዲፒው መንገድ ደግሞ ውብ ነው፣ ውበቱም አደጋ አለው። ውብ የሆነው መደመሩም፣ ማነጻጸሩም፣ ማንሸራተቱም ለመሣሪያ ልክ እንደ ሜሞሪ ስለሚሠራ ነው። አደገኛ የሆነው ደግሞ መሣሪያው የማስታወሻን ልብስ ለብሶ ስለሚቀርብ ነው። ከቁልፍ ሰሌዳው ሁለት አድራሻዎች አንዱ «ፊደል ደርሷል» የሚል ቢት ይዟል፣ ሌላው ፊደሉን ራሱን። ፊደሉን ማንበብ በመጀመሪያው አድራሻ ላይ ያለውን ቢት ያጠፋዋል። ሜሞሪን ሺህ ጊዜ ብናነበው አይሰማውም፤ እዚህ ግን ማንበብ ራሱ ድርጊት ነው፣ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። በ1989 በአሜሪካ ደረጃ የወጣለት የሲ ቋንቋ «ቮላታይል» የሚል ቃል ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ኮምፓይለር በባሕርዩ የሚያስበው «ራሴ ያስቀመጥኩትን ሌላ ሰው አይነካውም» ብሎ ነው፤ ስለዚህ የተደጋገመ ንባብንና የተደጋገመ ጽሑፍን ትርፍ ነው ብሎ ያስወግዳል። ቮላታይል የሚለው ቃል ትርጉሙ ሲጠራ «እዚህ ቦታ የሌላ እጅ አለ» ማለት ነው። ከጽሑፉና ከጸሐፊው ውጭ ዓለም መኖሩን ለማሽን ለማስረዳት አንድ ቃል መፈልሰፍ ማስፈለጉን ቀላል ነገር አድርጌ ማየት አልችልም።

ሬጅስተር የሚለውን ወደ አማርኛ መመለስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት «መዝገብ» ነው። ግእዙ መዝገብ የሚለው የከበረ ነገር ለሚከማችበት ግምጃ ቤት ነበር፤ አማርኛው የተደረገ ነገር ለሚጻፍበት አዋለው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ሽያጭ፣ ክስ፣ ሁሉም መጀመሪያ ይሆናሉ፣ ኋላ ይመዘገባሉ። የሃርድዌር ሬጅስተር ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ኋላ ይሆናል። ችግሩ ከተገለበጠ በኋላም መልኩ ያው የመዝገብ መልክ መሆኑ ነው። ተመልሰን ስናነበው የሆነውን የሚነግረን ይመስላል፤ የሚነግረን ግን ይሁን ያልነውን ነው። ፍርድ ቤት «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲል ተከራካሪዎቹ ታርቀዋል ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ወረቀት መዝገብ ይህን ያህል የበሰለ ጥርጣሬ ያለን ሰዎች ስለ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ጥርጣሬያችንን በር ላይ ትተን መግባታችን ያስገርመኛል።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላም የሚሰጠን ማስተዋል አለው። ድርጊትን በመናገር ግስ የመሥራት ልማድ አለን፤ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ብቅ አለ፣ ዝም አለ እንላለን። ዝምታ እንኳ በእኛ ቋንቋ «የሚባል» ነገር ነው። በእነዚህ ግሶች ውስጥ በቃልና በድርጊት መካከል ክፍተት የለም፣ ምክንያቱም የሚለውና የሚሆነው አንድ አካል ነው። «ብድግ አለ» በማለት ፈንታ «ብድግ አደረገው» ስንል ግን ሁለት አካላት መጡ፤ አድራጊና ተደራጊ። በመካከላቸው እጅ አለ፣ ክብደት አለ፣ አለመሳካትም አለ። ሬጅስተር ላይ የሚጽፍ ፕሮግራመር ራሱን የሚያየው በመጀመሪያው ሰዋስው ነው፤ «ዝግ አልኩ፣ ስለዚህ ዝግ ነው» ይላል። ያለበት ሰዋስው ግን ሁለተኛው ነው። ሪሌው ሌላ አካል ነው፤ የራሱ ጥቅል ሽቦ፣ የራሱ ስፕሪንግ፣ የራሱ ድካም አለው። «ቀጭ» የሚለውም እሱ ራሱ ነው፣ ቁጥሩ አይደለም።

ቁጥሩ በራሱ ምን ያህል ዲዳ እንደሆነ ለማየት ወደ ጉዳዩ ሥር መሄድ ይጠቅማል። ክሎድ ሻነን በ1937 በኤምአይቲ ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ የሪሌና የማብሪያ ማጥፊያ ዑደቶች በቡል አልጀብራ ሊሰሉ እንደሚችሉ አሳየ። ዛሬ 1 ማለት የበራ፣ 0 ማለት የጠፋ አድርገን ስለለመድነው ሻነንም እንዲሁ የጻፈ ይመስለናል። እሱ ግን የለካው እንቅፋትን ነበር፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ዝግ ዑደት እንቅፋት ስለሌለው 0 ሆነ፣ የተቋረጠው ክፍት ዑደት 1 ሆነ። አልጀብራው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሠራል፣ ምክንያቱም አልጀብራው ስለ ሽቦው የሚያውቀው ነገር የለም። ገበያ ላይ ከሚሸጡት የሪሌ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ 0 ሲጻፍላቸው የሚስቡ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ መደናገሩ ይብሳል። «ሬዲዮውን ክፈተው» የምንለው እንዲናገር ነው፣ «ውሃውን ዝጋው» የምንለው እንዲቆም ነው፤ በፊዚክስ መጽሐፋችን ግን ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዝግ ዑደት ነው። አንድ ቢት ላይ «ዝጋ» ብሎ የጻፈ አማርኛ ተናጋሪ ቴክኒሻን በእናቱ ቋንቋ እንዲቆም፣ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንዲያልፍ አዟል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቢቱ አይናገርም፤ ሽቦውን ተከትሎ የሄደ ብቻ ያውቃል።

አሁን ሽቦውን እንከተለው። አትሜጋው በሰከንድ 16 ሚሊዮን ምት ሲሠራ አንድን ቢት ወደ 1 የሚያነሳው ትእዛዝ ሁለት ምት፣ ማለትም 125 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። የቺፑ እግር በደህና የሚሸከመው 20 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ በተማሪዎች ሰሌዳ ላይ የሚታየው ባለ 5 ቮልት ሰማያዊ ሪሌ ጥቅል ሽቦ ግን ከ70 ሚሊአምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ በመካከል ትራንዚስተር ይቆማል። ትራንዚስተሩን ጥቅል ሽቦው በሚጠፋበት ቅጽበት ከሚወጣው የቮልቴጅ ምት ለማዳን ደግሞ ዳዮድ ይጨመራል። ዳዮዱ በሽቦው ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ እንዲሞት ስለሚያደርግ የሪሌውን መልቀቅ ያዘገየዋል፤ አንዱን አካል ለማዳን የገባው ሌላውን ዘግይቶ እንዲታዘዝ ያደርገዋል። ሪሌው ከታዘዘ በኋላ ኮንታክቱ፣ ማለትም መስመሩን የሚያገናኘው ብረት፣ እስኪገናኝ እስከ 10 ሚሊሰከንድ ሊወስድ ይችላል፣ ሲገናኝም አንዴ ተገናኝቶ አይረጋም፤ ይነጥራል፣ ይለያያል፣ እንደገና ይገናኛል። በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቺፑ 160,000 ጊዜ ተመትቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ 37ኛውን አድራሻ ያነበበ ፕሮግራም «1» ይመለስለታል፤ ብረቱ ገና በአየር ላይ ሳለ መዝገቡ ነገሩን ጨርሶታል። ኮንታክቱ በቅስት እሳት ተጣብቆ ከቀረም፣ ወይም ኦክሳይድ ለብሶ መገናኘቱን ከተወ፣ መዝገቡ ቃሉን አይለውጥም። ተመልሶ የሚሰማን የራሳችን ድምፅ ነው፣ ገደል ማሚቶ።

የቺፑ ንድፍ አውጪዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ አድራሻዎቹን ሦስት ያደረጓቸው ለዚህ ነው። 36ኛው አቅጣጫን ይወስናል፣ 37ኛው የታዘዘውን ይይዛል፣ 35ኛው ደግሞ ሲነበብ በእግሩ ላይ በእርግጥ ያለውን ቮልቴጅ ይናገራል። እግሩ በስህተት ከመሬት ሽቦ ጋር ቢገናኝ 37ኛው «1» ብሎ ይጸናል፣ 35ኛው «0» ይላል። ያልኩትና የሆነው ጎን ለጎን ሁለት ቤት ተሰጥቷቸዋል። (ያው 35ኛው አድራሻ ላይ 1 የጻፈ ሰው ግን የ37ኛውን ቢት ይገለብጠዋል፤ ምስክሩ ትእዛዝም ይቀበላል ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ የተደረገ ቢሆንም ለአንባቢ ደግ አይደለም።) ሁለቱን አለመለየት ምን እንደሚያስከትል በቀደሙት የፒአይሲ ማይክሮኮንትሮለሮች ታይቷል። በእነሱ ላይ ትእዛዙም ሁኔታውም የሚገኙት በአንድ አድራሻ ነበር። አንድ ቢት ለመለወጥ ቺፑ መጀመሪያ የእግሮቹን ቮልቴጅ ያነባል፣ የተፈለገውን ቢት ይለውጣል፣ ሁሉንም መልሶ ይጽፋል። ከእግሮቹ አንዱ ከባድ ጭነት ኖሮበት ቮልቴጁ ለመነሳት ከዘገየ ዜሮ ተብሎ ይነበባል፣ ዜሮ ሆኖም ይጻፋል። ማንም ሳያዘው ትእዛዙ ይሻራል። ኋላ የመጣው ፒአይሲ18 ለታዘዘው ብቻ የሚሆን የተለየ ሬጅስተር ጨመረ። ከዚህ የምማረው ነገር ከጥንቃቄ ምክር ይሰፋል። «ያልኩት» እና «የሆነው» አንድ ቦታ ሲቀመጡ የሚጠፋው የዓለም እውቀት ብቻ አይደለም፤ የራስ ፈቃድም ይበላሻል።

ይህ ሁሉ የቺፕ ጣጣ ነው፣ በተግባር የታዘዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይሆናል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ይሆናል፤ አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ሁለት ነገሮች በመጨረሻ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በፔንሲልቬንያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ ሁለተኛ የኑክሌር ማመንጫ ላይ መጋቢት 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. ከንጋቱ በፊት የሆነውን እንይ። ግፊት ሲበዛ የሚከፈተው ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ፣ ግፊቱ ሲወርድ እንዲዘጋ ትእዛዝ ደረሰው፣ ግን ተከፍቶ ተጣብቆ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ያለችው መብራት ጠፋች። መብራቷ የተያያዘችው ከቫልቩ ጋር አልነበረም፤ ቫልቩን ከሚያንቀሳቅሰው ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ጋር ነበር። የምትናገረው «ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል» ነበር፤ ሠራተኞቹ የሰሙት «ቫልቩ ተዘግቷል» ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስ ቆየ፣ የሬአክተሩም ልብ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። መብራቷ አልዋሸችም፣ አልተበላሸችምም። የ37ኛውን አድራሻ ሥራ በታማኝነት ሠራች፤ 35ኛው አድራሻ ግን አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ ወደ ሶፍትዌር የቀረበ ማስረጃ ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነው። ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ 6 ሰዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር ተቀበሉ፣ በዚሁ ጉዳት ያለፉም አሉ። መሣሪያውን የሚያዘው ፒዲፒ-11 ነበር። ናንሲ ለቪሰንና ክላርክ ተርነር በ1993 ባወጡት ምርመራ ከተገለጹት ስህተቶች አንዱ እስከ ዛሬ አእምሮዬን አይለቅም። ጨረሩን የሚያለዝቡትና የሚመጥኑት ክፍሎች በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ተሰክተው ነበር፤ የጠረጴዛውን ቦታ የሚመሰክሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችም ነበሩ። ፕሮግራሙ ምስክሮቹን የሚጠይቀው አንድ ባይት ተለዋዋጭ ዜሮ ካልሆነ ብቻ ነበር። ባይቱን «ዜሮ አይደለም» ለማሰኘት ቋሚ ቁጥር በመጻፍ ፈንታ በየዙሩ አንድ ይጨመርበት ነበር። የአንድ ባይት አቅም 255 ላይ ስለሚያበቃ በ256ኛው ዙር ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት ምስክሩ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ቀድሞ የነበረው ቴራክ-20 ከሶፍትዌሩ ውጭ የቆሙ የሃርድዌር መከላከያዎች ነበሩት፤ አዲሱ ሞዴል ብዙውን በሶፍትዌር ቃል ተካቸው። ምስክር ማቆም ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ምስክሩን ለመጠየቅ ወይም ላለመጠየቅ የሚወስነው ያው አዛዥ ከሆነ፣ ምስክርነቱ በአዛዡ ጤንነት ላይ ተንጠልጥሏል።

በዚህ ላይ ብርቱ የሆነው ተቃውሞ ከሙያው ሰዎች የሚመጣ ነው። «ሬጅስተር በቀጥታ መንካት የትናንት ሥራ ነው፤ ዛሬ ድራይቨር አለ፣ ላይብረሪ አለ፣ ማን አድራሻ ይቆጥራል?» ይላሉ። ተቃውሞው ታሪክ አለው። በ1987 በተመሠረተው የቪኤክስአይ የመለኪያ መሣሪያዎች ሥርዓት ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ነበሩ። አንዱ ዓይነት የሚታዘዘው በሬጅስተር ነው፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ 64 ባይት አድራሻ ይሰጠዋል፣ 256 መሣሪያዎች በ16 ኪሎባይት ውስጥ ይደረደራሉ፤ ቢት ትጽፋለህ፣ ሪሌ ይነሳል። ሌላው ዓይነት የሚታዘዘው በመልእክት ነው፤ «መስመር 101ን ዝጋ» የሚል ጽሑፍ ይላክለታል፣ በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ተርጉሞ ይፈጽማል፣ ሲጠየቅም «ጨርሻለሁ» ይላል። ሁለተኛው ለሰው ይቀላል፣ ከስህተትም ይጠብቃል። አንድ የሪሌ ማትሪክስ ላይ በስህተት ሁለት ቢት አብሮ ያነሳ ሰው ሁለት የኃይል ምንጮችን እርስ በርስ ሊያጋጭ ይችላል፤ ጥሩ ድራይቨር መጀመሪያ የሚለቀቀውን አስለቅቆ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከዚያ የሚያዘውን ያስይዛል። በድራይቨር ውስጥ ከዚህ በፊት የተሳሳቱ ሰዎች ልምድ ተከማችቷል፣ ይህን መናቅ እብሪት ነው። እኔም ሁሉም ሰው በየቀኑ አድራሻ ይቁጠር አልልም። የምለው፣ ድራይቨሩ ወሰኑን አላነሳውም፣ ጋረደው እንጂ። «ዝጋ» የሚባለው ፈንክሽን ተመልሶ «ተሳክቷል» ሲል፣ ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው ያለው ያው ቢት መጻፉና የተወሰነ ሚሊሰከንድ መጠበቁ ነው። ቢትን ያየ ሰው ቢት እንደጻፈ ያውቃል። ፈንክሽኑን ብቻ ያየ ሰው በር የዘጋ ይመስለዋል። የላይኛው ቋንቋ ከሥሩ ያለው የማያውቀውን ነገር በሙሉ አንደበት ይናገራል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዴ እስከ አድራሻው ወርዶ ያየ ሰው የፈንክሽኑን ስም የሚያነበው በሌላ ዓይን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ፍልስፍናዊ ነው፣ እኔም የምፈራው እሱን ነው። «በቀጥታ የምትለው የታለ? ሬጅስተርም ራሱ የትራንዚስተሮች ጭምብል ነው። በ1992 በወጣው በፒሲአይ መስመር ላይ ፕሮሰሰሩ ጽፌያለሁ ሲል ጽሑፉ ገና በድልድይ ቺፑ መጠባበቂያ ውስጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ወደ መሣሪያው መድረሱን ለማረጋገጥ ከዚያው መሣሪያ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ታዲያ የአንተ ታች ለሌላው ላይ ከሆነ፣ ለምን ለዚህ ወለል የተለየ ክብር ትሰጣለህ?» መልሴ ክብሩ የጥልቀት አይደለም የሚል ነው። ሬጅስተሩ የመጨረሻው ወለል ስለሆነ አልመረጥኩትም፤ አድራሻ ያለው የመጨረሻው ቦታ ስለሆነ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ስም አለው፣ ሊጠራም ሊጠየቅም ይችላል። ከዚህ በኋላ ጥቅል ሽቦው አድራሻ የለውም፣ ስፕሪንጉ አድራሻ የለውም፣ ኮንታክቱ ላይ ያለው ጥቁር ብናኝ አድራሻ የለውም። ፕሮግራም የሚደርሰው ስም እስካለበት ነው። የመልእክተኛ ሥራ የሚያበቃበት በር የት እንደሆነ ማወቅ፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ቤት ሁሉ ማወቅ ማለት አይደለም፤ ግን በሩን ቤቱ ነው ብሎ ከመሳሳት ያድናል። የፒሲአዩ ምሳሌም ለእኔ ይመሰክራል እንጂ አይመሰክርብኝም። መጻፍና መድረስ እንኳ ሁለት ከሆኑ፣ መድረስና መሆንማ ምን ያህል ይራራቁ!

የቀረው አንድ ነው። ኮንታክቱ መዘጋቱን የሚነግረንም ሌላ ሬጅስተር ነው፤ እሱም ቢት ነው፣ እሱም ሽቦ አለው፣ ሊሳሳት ይችላል። ምስክሩን ሌላ ምስክር ሊፈትሽለት ከሆነ መጨረሻው የት ነው? ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ፍጹም እርግጠኝነትን የሚፈልግም ሰው መልስ አያገኝለትም። ነገር ግን በሸንጎ ምስክር ሲሰማ የሚፈለገው ምስክሩ የማይሳሳት ፍጡር እንዲሆን አይደለም፤ የሚጠየቀው ያየው በራሱ ዓይን ነው ወይስ ከባለጉዳዩ ሰምቶ ነው የሚል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ምስክርነቱ በምን መንገድ እንደመጣ ነው። በደህንነት ሥራ ላይ የሚውሉ ኮንታክታቸው በግድ የሚመራ ሪሌዎች ይህን ሐሳብ በብረት ይናገሩታል። በእነሱ ውስጥ የሚዘጋው ኮንታክትና የሚከፈተው ኮንታክት በአንድ ጠንካራ ማያያዣ ተቆራኝተዋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ዝግ ሊሆኑ አይችሉም። ዋናው ኮንታክት ተጣብቆ ከቀረ፣ ጥቅል ሽቦው ቢጠፋም ተቃራኒው ኮንታክት ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር ተከፍቶ ይቆያል፣ ያን የሚያነበው ቢትም «ዜሮ» ማለቱን አይተውም። እዚህ ምስክሩ ከአዛዡ የሰማው ነገር የለም። የሚናገረው ብረቱ በገፋው መጠን ነው። ሊዋሽ ቢችል እንኳ ለመዋሸት ትእዛዙ ከተሳሳተበት የተለየ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች በአንድ ሰዓት አብረው መምጣታቸው ደግሞ እጅግ የራቀ ነው። እርግጠኝነት አላገኘንም፤ ያገኘነው ከራሳችን ድምፅ የተለየ ድምፅ ነው።

በስሪ ማይል አይላንድም እንዲህ ያለ ድምፅ ጭራሽ አልጠፋም ነበር። ከማስተንፈሻው ቫልቭ ወዲያ ባለው ቧንቧ ላይ የሙቀት መለኪያ ነበረ፣ ከፍ ያለ ቁጥርም ያሳይ ነበር። ቫልቩ ከአደጋው በፊትም ጥቂት ያፈስ ስለነበር ግን ሙቀቱ የተለመደ ተደርጎ ተወሰደ፤ የጠፋችው መብራትና የጋለው ቧንቧ ሲቃረኑ የታመነችው መብራቷ ሆነች። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። መብራቷ የምትናገረው በትእዛዝ ቋንቋ ነበር፣ ክፍት ወይም ዝግ ብላ። ቧንቧው የሚናገረው በዓለም ቋንቋ ነበር፣ ትንሽ ሞቅ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ እያለ፣ ማብራሪያ እየፈለገ። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማመንጫዎቹ በመቆጣጠሪያ ክፍላቸው ውስጥ የማስተንፈሻ ቫልቮቻቸውን ሁኔታ የሚያሳይ አስተማማኝ ምልክት እንዲኖራቸው ጠየቀ፤ ምልክቱም የሚመጣው ከቫልቩ ከራሱ አቀማመጥ፣ ወይም በቧንቧው ውስጥ ካለው ፍሰት እንዲሆን አዘዘ። አንዳንዶቹ ማመንጫዎች ለዚህ የመረጡት የድምፅ መለኪያ ነበር። ከሶሌኖይዱ ሽቦ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ትእዛዝ መሰጠቱንም አለመሰጠቱንም የማያውቅ፣ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ እንፋሎት ይሮጥ እንደሆነ ብቻ የሚያዳምጥ ጆሮ።